ፊደል የነካው ዋንዛ

ሰው የሚኖርበትን አገር ግድግዳው ላይ አይሰቅልም። የሚሰቅለውንም አገር አይኖርበትም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ የፖስተርና የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፍቼ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሚገባና የሚወጣውን እያየሁ የደረስኩበት ነው። እርስዎም አላምንም ካሉ ቤትዎ ይግቡና ግድግዳዎን ይመልከቱ። በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ያለች የእንጨት ቤት ካላገኙ፣ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት ነጭ ወፎች ያገኛሉ። ሁለቱንም ካላገኙ የጎረቤትዎን ቤት ይዩ።

በእኔ ሱቅ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ያ በረዷማው ተራራ ነው። ብርድ የማይወድ ሰው ነው አብልጦ የሚገዛው። አንድ የማውቀው የቢሮ ኃላፊ ከወንበሩ ጀርባ ሰቅሎት ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ፊርማ ይፈርማል። ከጎንደር ተዛውሮ የመጣው ሠራተኛ ግንቡን ይገዛል፤ ጎንደር እያለ ግን ግንቡን ዞር ብሎ አላየውም ነበር፣ ራሱ ነው የነገረኝ። ተማሪዎች ለምረቃ ስም የተጻፈበት ኩባያ ያሠራሉ፤ ሙሽሮች ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ አንዳንዱ ሙሽራ ሰዓት ከስድስት ሰው ሲደርሰው አንዱን ይዞ ተመልሶ ይመጣና በቁልፍ መያዣ ይቀይራል። ቱሪስት የሚባለውን ዘር ካየሁት ቆየሁ። ሱቁን የከፈትኩት ግን ለእሱ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ከፍ ያለ ነበር። በውጭ አገር የአገር ጎብኚ ፖስተር የሚሉት ነገር አለ፤ በኢንተርኔት አይቼዋለሁ። ሁለት ሦስት ቀለም፣ አንድ ተራራ፣ አንድ መንገድ፣ ከላይ በትልልቅ ፊደል የቦታው ስም፤ በቃ። ያየው ሰው ሁሉ ሻንጣውን መሸከፍ ያምረዋል። እኛስ ምን ጎደለን ብዬ በኮምፒውተር መሣል ጀመርኩ። ጢስ ዓባይን ሣልኩ፤ እሱስ ይሸጣል፤ ውኃው በቀነሰበት ወራት ሄደው የተመለሱ ሁለት አስተማሪዎች ብቻ ፖስተሩ ፊት ቆመው «ይሄኛው ውኃ በየት በኩል ነው ያለው?» ብለው ጠይቀውኛል። ቀጥዬ የቋሪቷን ከተማ ገበዝ ማርያምን፣ ከዚያም «የቡሬ መንገድ» የሚለውን ሣልኩ። እነዚህን የገዛኝ ሰው አልነበረም። አንድ ደንበኛዬን ቋሪትን እንዲገዛኝ ስለማመጠው «ይሄማ የአማቴ አገር ነው፤ ደግሞ እሷን ሳሎኔ ድረስ ላምጣት?» አለኝ።

«የቡሬ መንገድ» እንዴት እንደ ተሣለ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ቀን ወደ ቡሬ ስሄድ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ አንድ ኮረብታ አየሁ። ከኮረብታው የእግር መንገድ ይወርዳል፤ መሐል ላይ እጥፍ ይላል፤ ከታች የውኃ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ማዶ አንዲት ቆርቆሮ ቤት። ከመታጠፊያውና ከቦዩ መካከል የበርበሬ ማሳ፣ በማሳው ውስጥ ደግሞ ቀፎ የተሰቀለበት ትልቅ ዋንዛ። ባጃጁን አስቁሜ በስልኬ አነሣሁት። ቤቴ ገብቼ ሣልኩት። (ስልኩ በኋላ ባሕር ዳር መናኸሪያ ላይ ከኪሴ ተሰርቋል፤ ሌባውን እግዜር ይየው፣ ለምን እንደምለው አሁን ይገባችኋል።)

ሥለው ከጨረሱ በኋላ የቦታውን ስም መጻፍ አለ። ጻፍኩ። የዋንዛው ቅርንጫፍ ወደ ሰማይ ወጥቶ «ቡ»ን ነካብኝ። ፊደሉን ባሳንሰው አያምርም፤ ዛፉን ብቆርጠው ኃጢአት መሰለኝ። ስለዚህ ዛፉን ያዝ አደረግሁና ወደ ታች ሳብኩት። በማሳው በኩል አልፎ ቦዩ አጠገብ ሲደርስ አማረ። ለቀቅሁት። ጥበብ ማለት ይኸው ነው ብዬ ረክቼ ተኛሁ። በማግሥቱ ያየው ሰው ሁሉ «ያምራል» አለኝ፤ የገዛኝ ግን የለም። ሁለት ዓመት ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ አያ ጥሩነህ የሚባሉ ገበሬ ወደ ሱቄ ገቡ። ያን ጊዜ ስማቸውን አላውቅም፤ ዱላቸውን ደጃፍ አስደግፈው የገቡ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በረዶውን አላዩም። ወፎቹን አላዩም። ቀጥ ብለው «የቡሬ መንገድ» ፊት ሄደው ቆሙ። ቆሙ ስላችሁ፣ ሁለት ደንበኛ አስተናግጄ እስክጨርስ አልተንቀሳቀሱም።

«ይሄ የኛ አገር አይደለምን?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ነው እንጂ» አልኩ። ልቤ ዘለለ፤ አልደብቃችሁም።

«ዋንዛውም ነው?»

«ዋንዛውም ነው።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ። በዓይኔ አይቼ።»

«ፎቶ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ክብሬ የተነካው። ለስንት ሌሊት ዓይኔን ያጠፋሁበትን ሥራ ፎቶ ይባልብኛል? «ኧረ አባቴ፣ ፎቶ አይደለም» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። «ሥዕል ነው።»

አያ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ደግሞ ለጥበብ ያላቸው አክብሮት ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዋጋ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ከጎጃም ገበሬ ጋር ገበያ ውላችሁ የምታውቁ ከሆነ እዚህ ላይ መጠርጠር እንደ ነበረብኝ ትፈርዳላችሁ። አልጠረጠርኩም። «ፈርምልኝ» አሉ፤ ታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራቸው ላይ ይፈርማሉና ፈረምኩ። «ማኅተም የለህም?» አሉ። ክብ የሱቅ ማኅተም አለኝ፤ ፊርማዬ ላይ ግጥም አድርጌ መታሁት። ከዚያ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ሁለት እጃቸው ላይ አስተኝተው ወጡ። ማታ ለባለቤቴ «ሕዝባችን ጥበብ አይገባውም ይላሉ» ብዬ ሰፊ ንግግር አደረግሁላት። ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝ።

የገዙት ለምን እንደ ሆነ የተረዳሁት ሽማግሌዎች ልከው ሲያስጠሩኝ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ናና ቃልህን ስጥ ተባልኩ። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ በእግሬ እየሄድኩ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ። ኮረብታው የአንድ አባት መሬት ነው። አባት ለሁለት ወንድ ልጆቻቸው ሲያካፍሉ «ተዋንዛው በላይ ለጥሩነህ፣ ተዋንዛው በታች ለታናሽየው» ብለው ነበር። ታናሽየው ሞቱ፤ መሬቱ ለባለቤታቸው ለእትዬ አንጓች ቀረ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ነፋስ ዋንዛውን ጣለው። አያ ጥሩነህ ግንዱን ጎትተው ወሰዱ፤ ጉቶውንም ለማገዶ ነው ብለው ነቀሉ፤ ከዚያ በላዩ አርሰው አለሰለሱት። ከዚህ በኋላ ዋንዛው የት እንደ ነበር የሚያሳይ ነገር በምድር ላይ የለም። የእኔ ፖስተር ብቻ ነው ያለ። በእኔ ፖስተር ደግሞ ዋንዛው ቦዩ አጠገብ ነው። ከዋንዛው በላይ የአያ ጥሩነህ ከሆነ፣ የበርበሬው ማሳ በሙሉ ወደ እሳቸው ገባ ማለት ነው። ለእትዬ አንጓች ከቦዩ ማዶ ቤታቸውና ከቤታቸው ጀርባ ያለው ገደል ይቀራቸዋል። ገደል ላይ በርበሬ አይበቅልም።

እኔ ለ«ቡ» ብዬ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ላይ ዛፍ ተክያለሁ። ምን ላድርግ? በሩጫ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ፣ ያልቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነት ተናግሮ የሚያልቅ ነገር ቢኖር ሽማግሌ ባላስፈለገ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም።

ስደርስ ሰዎች ሾላ ሥር ተቀምጠዋል። ዳኛው መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜ የጠገቡ፣ ቅኔ ያስተማሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ። እትዬ አንጓች በአንድ በኩል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። አያ ጥሩነህ በሌላ በኩል ናቸው። በመካከላቸው የእኔ ፖስተር ሾላው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ በንጹሕ ነጭ ነጠላ ተሸፍኗል። ሲገልጡት አንዲት አሮጊት ከወደ ኋላ ብድግ ብለው አማተቡ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለካ እኔና አያ ጥሩነህ በአንዲት ቃል ሁለት ዕቃ ተገበያይተናል። እኔ «ሥዕል ነው» ስል፣ ከእጄ የወጣ ነው፣ እንደ ፈለግሁ ያሳመርኩት ነው ማለቴ ነው። እሳቸው ሥዕል ሲባል የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃ የሚጋረድለትን፣ የሚሳለሙትን ነው። የማይዋሽ ማለት ነው።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉኝ መሪጌታ።

«አዎ አባቴ፤ ነገር ግን ዋንዛውን ከቦታው አንሥቼዋለሁ። ወደ ታች አውርጄዋለሁ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ብርቱ ነህ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። «ለምን አወረድኸው?»

«ፊደሉን ስለ ነካብኝ ነው።»

መሪጌታ ይህን ትንሽ አኘኩት። «ዛፉ ነው ፊደሉን የነካው፣ ወይስ ፊደሉ ዛፉን?» አሉ። በዚህ አገር ከቅኔ መምህር ጋር በቀጥታ መነጋገር እንደማይቻል ያን ቀን ገባኝ። ቀጥለው ደግሞ «ምን ያህል አወረድኸው?» አሉኝ።

«በእርግጥ አላስታውስም። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጣት ቢሆን ነው።»

«አንድ ጣት ስንት ጥማድ መሬት ይሆናል?»

ተማርኩ ካልኩት ትምህርት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድም ነገር አጣሁ። ፎቶውን ላሳይ እንዳልል ስልኩ የለም። አያ ጥሩነህ ግራ መጋባቴን አዩና ተነሡ።

«ጌቶቼ» አሉ፣ «ይህ ልጅ ዛሬ ሰው ፈርቶ ነው እንጂ የዚያን ዕለት ማንም ሳያስገድደው ፎቶ አይደለም፣ ሥዕል ነው ብሎኛል። ፎቶማ እኔም አላምን። ልጄ ተአዲስ አበባ ፎቶዋን ላከችልኝ፤ ቀልታ፣ አፍንጫዋ ረዝሞ፣ ማን ናት ብዬ ጎረቤት ጠየቅሁ። ሥዕል ግን ሥዕል ነው። ፊርማው ይኸው። ማኅተሙ ይኸው።»

«አባቴ፣ ሥዕል ነው ማለቴ እኮ ፎቶ አይደለም ማለቴ ነው!» አልኩ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ አያ ጥሩነህ።

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሁለታችን በአንድ ቃል ተስማምተን ሳለ የምጮኸው ለምን እንደ ሆነ ለማንም አልገባም። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ዋንዛው ይበልጥ ሥር ይሰዳል። እትዬ አንጓችን አየኋቸው፤ አላለቀሱም፤ እኔን ብቻ ያዩኛል። ስድብ ቢሆን እመርጥ ነበር። እሳቸውም ጊዜ ሲሰጣቸው አጭር ነገር ነው የተናገሩት፦ ዋንዛው የነበረው እላይ ነው፣ የእግር መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው፣ ማሳው በሙሉ የእሳቸው ነው። ምስክርሽ ማን ነው ሲሏቸው «የሞቱት ባሌ» አሉ።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንዲት ነገር ብቻ መልስልኝ። ይህ ሥዕል ነው?»

«ሥዕል ነው፤ ግን...»

«ግኑን አልጠየቅሁህም።»

አለቀ አልኩ። ሱቄን ዘግቼ የትኛው አገር እንደምሄድ ማሰብ ጀመርኩ፤ ያለኝ ምርጫ ሁሉ ፖስተር ላይ ያለ አገር ነው። መሪጌታ ግን አልጨረሱም።

«ጥሩነህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንተም ሥዕል ነው ትላለህ፤ ልጁም ሥዕል ነው ይላል፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ እናንተን ነው የማምን። ሥዕል ተሆነ ዘንድ ግን ለምስክር ብቻ አይቆምም፤ ይማልበታል። ተነሥ። እጅህን ጫንበትና ዋንዛው ተዚህ ነበር በል፤ ተሳለመውና መሬቱን ውሰድ።»

አያ ጥሩነህ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፖስተሩ ቀረቡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡ። ዋንዛውን አዩ። ማኅተሙን አዩ። ቀና ብለው «የቡሬ መንገድ» የሚለውን አነበቡ፣ ጎንበስ ብለው ደግሞ ከግርጌው በደቃቅ የተጻፈውን የሱቄን ስልክ ቁጥር አነበቡ። የወንድማቸውን ሚስት አላዩም። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

«መሪጌታ» አሉ፣ «ይሄማ... ወረቀት ነው።»

«ምን ነው?»

«ወረቀት ነው እንጂ። ይሄው፣ ይጠቀለላል። በወረቀት ይማላል እንዴ?»

«አይማልም» አሉ መሪጌታ። «በወረቀት ታልተማለ እንግዲህ የእሷን ቃል ይዘን መታጠፊያው ላይ ድንጋይ እንተክላለን።» ወዲያው ተነሥተው ሄዱ፤ ድንጋዩም ተተከለ። እትዬ አንጓችን የመሐላ ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም። ምን ያስፈልጋል፣ ባላጋራ ራሱ ከለቀቀ።

የሥራዬ ወረቀትነት በሽማግሌ ፊት ተረጋግጦ ወደ ከተማ ተመለስኩ። በሕይወቴ በመናቄ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነገር ግን አገር ወሬ ይሰማል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሱቄ በገበሬ ተሞላ። አንዱ ጎረቤቱ ወሰን ገፍቶበታል፣ ሥዕል ይፈልጋል። ሌላው እስካሁን ማንም አልገፋበትም፣ ቀድሞ መሣል ይፈልጋል። አንዱማ ከመጣሁ አይቀር ብሎ የጎረቤቱን ግራር እንዳነሣለት ጠየቀኝ። ለቱሪስት የከፈትኩት ሱቅ ደጃፍ ላይ «ወሰን አንሥልም» ብዬ ለጠፍኩ። ከለጠፍኩ በኋላ ቁጥራቸው ጨመረ፤ የሚሥል ሰው ካልሆነ አንሥልም አይልም ብለው ነው።

ወሬው እስኪበርድ ድረስ ጥቂት ወራት ሄዱ። የበርበሬ ለቀማ ሲያልቅ እትዬ አንጓች መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ተቀመጡ። ያን ፖስተር ለእሳቸው እንዳትምላቸው ይፈልጋሉ። የዋንዛው ሌላ ምስል የላቸውም፤ ቀፎውን የሰቀሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ማታ ማታ ከደጃቸው ላይ ሆነው ያዩት ነበር።

«ግና ቦታው ላይ መልሰህ ነው» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩና ዋንዛውን ከቦዩ አንሥቼ፣ ማሳውን አሻግሬ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ድንጋዩ በተተከለበት ቦታ ላይ አቆምኩት። በኩራት ነው ያቆምኩት፤ ፍትሕ በእጄ እንደ ተፈጸመ ያህል ተሰምቶኛል። እትዬ አንጓች መነጽር የላቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«ዝቅ አድርገው» አሉ።

ዝቅ አደረግሁት።

«ዝቅ።»

ዋንዛው ከመታጠፊያው ወረደ።

«ትንሽ ታች... ታች... እዚህ ላይ። አዎ። ተዚህ ነበር።»

ዋንዛው ከማሳው እኩሌታ ላይ ቆሟል። አያ ጥሩነህ ካሉት ቦይ ላይ አይደለም። እትዬ አንጓች ራሳቸው ለሽማግሌ ካሳዩት መታጠፊያ ላይም አይደለም። ስክሪኑን አየሁ፤ እሳቸውን አየሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ በተቻለኝ ትሕትና፣ «ድንጋዩ የተተከለው እኮ እላይ መታጠፊያው ላይ ነው።»

«ድንጋዩ ለጥሩነህ ነው» አሉ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ይሄ ለቤቴ ነው። እኔ እምውል እማድርበት ግድግዳ ላይ ውሸት አልሰቅልም።»

አተምኩላቸው።